በድንገት ከከተማ መውጣት፦ ሕፃን ልጅ ይዞ ስለሚደረግ የመኪና ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳይታሰብ «ዛሬ እንኳ ልጁን ይዘን ወጣ እንበል» ብሎ መነሣት በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር ቤተሰብ አስቸጋሪ አይደለም። በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በዓለም ገና የሚኖር ሰው ከተማውን ሳያቋርጥ ወደ ዋናው አውራ ጎዳና ይገባል። ሆኖም ወደ ሐዋሳ ለመሄድ ሲያስብ ጎማ የሚያስመረምር፣ ስኮርታና ክሪክ መኖሩን የሚያረጋግጥና ሰዓቱን የሚያሰላ ወላጅ፣ ጉዞው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲሆን ይህን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት መንገዱ አጭር ነው ከሚል መዘናጋት ነው።

«ልጅ ይዞ መዝናናት ማለት ቢሾፍቱ መሄድ ነው»

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅና ሐይቆቿም ስለሚማርኩ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ቤተሰብ ተገቢ ምርጫ ናት። ቡራዩ ያለ ሰው ግን ወደዚያ ለመሄድ በመጀመሪያ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይኖርበታል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ትዕግሥት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ገና ቃሊቲ ሳይደረስ ነው። ለእርሱ ገፈርሳ፣ ሆለታና የመናገሻ ሱባ ደን ይቀርቡታል። በዓለም ገና በኩል ለሚወጣ ደግሞ በቡታጅራ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጡሬ የተባለው የቅድመ ታሪክ ቅርስ ሥፍራ ይገኛል። ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2024 በአቅራቢያው ካለው የባልጪት ሥፍራ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ቦታ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተውበታል። ከአሻራዎቹ መካከል የሕፃናት መኖራቸው ከወላጆች ይልቅ ለልጆች የሚነገር ጥሩ ታሪክ ነው። የሥፍራው ቤተ መዘክር በጎጆዎች የተደራጀ ስለሆነም ትንሽ ልጅ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው እየሮጠ መዋል ይችላል።

የትኛውም መውጫ ቢመረጥ የዚያን ሰሞን የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ በመስመሩ ላይ ከሚሠሩ ሹፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ መልሱ ጥርጣሬ ካለበት ሌላ አቅጣጫ ይመረጣል።

«ቅርብ ስለሆነ እናቱ ታቅፈዋለች»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ስለሆነ በዝርዝር መታየት አለበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከቆመ ነገር ጋር ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለው ሰውም ሆነ ዕቃ የክብደቱን 20 እጥፍ ገደማ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለዚያች ቅጽበት ሁለት ኩንታል ሆነ ማለት ነው፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ በክንዷ ይዛ የምታስቀር እናት ደግሞ የለችም። ፍቅርም ጥንካሬም ይህን ሒሳብ አይለውጡትም።

እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ ማሰርም መፍትሔ የሚመስለው አለ። እንዲያውም ይህ የባሰ ነው፤ በግጭት ጊዜ የእናትየው ሙሉ ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። ትክክለኛው ቦታ በኋላ ወንበር ላይ በሚገባ የታሰረ የልጆች መቀመጫ ነው። ሕፃኑ መቀመጫው የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት ላይ እስኪደርስ ድረስ ፊቱን ወደ መኪናው የኋላ ክፍል አዙሮ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱ ደግሞ ገና ያልጠነከረ ስለሆነ የግጭቱን ኃይል ጀርባው ሙሉ በሙሉ ይካፈልለታል። እንዲህ ያለውን መቀመጫ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ የሚወጣ ከረጢት) ካለው የፊት ወንበር ላይ ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሲፈነዳ መቀመጫውን ከኋላው ይመታዋልና።

መቀመጫው ኖሮም ቀበቶው ላልቶ የሚታሰርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀበቶውን በልጁ ትከሻ አጠገብ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ ማጠፍ ከተቻለ አልጠበቀም ማለት ነው። በሱሉልታ ወይም በሆለታ ብርድ ምክንያት ወፍራም ጃኬት የለበሰ ልጅ ከነጃኬቱ ሲታሰር ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን ጃኬቱ ይታመቅና ልጁ ያመልጣል። ስለዚህ ጃኬቱ ወልቆ ልጁ ከታሰረ በኋላ ጋቢውን ከላይ ማልበስ ይሻላል።

«መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይመታዋል»

ብዙ አያቶችና አክስቶች አጥብቀው የሚያምኑበት ስለሆነ ማክበር እንጂ መሟገት አይቀናም፤ እውነታው ግን ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ እንጂ ከነፋስ አለመሆኑ ነው። ስድስት ሰው የታጨቀበትና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ አንዱ ቢያስል ሁሉም የሚካፈሉት አየር ያንኑ ነው። ነፋሱ በቀጥታ የልጁ ፊት ላይ እንዳይመጣ ከእርሱ በተቃራኒ በኩል ያለውን የፊት መስኮት ጥቂት መክፈት ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

«ባዶ ሆዱን ቢሄድ አያስመልሰውም»

የመኪና ሕመም የሚነሣው ዓይን የሚያየውና የውስጠኛው ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ብዙም አይቸገሩበትም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ግን በተለይ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይፈተናሉ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን አይከለክልም፤ የራበው ልጅ ይበልጥ ይነጫነጫል እንጂ። በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ አብልቶ ወዲያውኑ መነሣት ግን ጥፋት ነው። ደረቅ ዳቦና ጥቂት ውኃ ይበቃል። ዝም እንዲል ስልክ መስጠት ችግሩን ያባብሰዋል፤ ራቅ ያለውን ተራራ ወይም ከብት እየቆጠረ ቢሄድ ይረጋጋል። አንድ ሁለት ፌስታልና ቅያሪ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁኑ።

«ለመንገድ ከቆሎ የተሻለ ስንቅ የለም»

ለአዋቂ አዎ። አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ደረቅ ከረሜላ ከሚያንቁ ምግቦች ዋነኞቹ ናቸው፤ የትንሽ ልጅ የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው፣ በሚገባ የማኘክ ልምዱም ገና አልዳበረም። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ልጁ ሲስቅ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ወደ ተሳሳተው መንገድ ልትሄድ ትችላለች፤ የታነቀ ልጅ ደግሞ ድምፅ ስለማያወጣ ፊት የተቀመጡት ወላጆች አይሰሙትም። ሙዝ፣ ለስላሳ ዳቦና በደንብ የተቀቀለ ድንች ይሻላሉ።

በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሰንዳፋ በኩል የሚሄዱ ቤተሰቦች ደግሞ «የገጠር ወተት ንጹሕ ነው» ብለው ትኩሱን ለልጃቸው ያጠጣሉ። የአካባቢው ወተት ስሙ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ከጥገቷ ሥር የታለበ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል። እርጎም ካልፈላ ወተት የሚረጋ ከሆነ መኮምጠጡ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ገዝቶ ቤት ወስዶ ማፍላት ነው። ማርም ቢሆን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

«ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት፤ መስኮቱን ትንሽ ከፈት እናድርግለት»

ዱከም ላይ ለጥብስ ሲወረድ ይህ አባባል ይሰማል። ውጪው 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በግማሽ ሰዓት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መስኮት በጥቂቱ መክፈትም ልዩነቱ ኢምንት ነው። የሕፃን ሰውነት የሚግለው ከአዋቂው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። ልጁ ቢነቃና ቢያለቅስም ታቅፎ ይወረዳል።

«ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ይጮሃል፣ እንሰማዋለን»

የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም፤ አፉ ከውኃው በላይ የሚቆየው ለመተንፈስ እንኳ ለማይበቃ ጊዜ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠሩ ስለሆኑ ከዳር ጥቂት እንደተገባ ይጠልቃሉ፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ብዙ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉም ሌላው እያየው ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ልጁን የሚጠብቀው አንድ ሰው በስሙ ተነግሮት፣ ተራውን ሲያስረክብም በቃል ተናግሮ ቢሆን መልካም ነው።

«ማታ ልጁ ስለሚተኛ መመለሱ ይቀላል»

ለልጁ ይቀል ይሆናል፤ ለሹፌሩ ግን በተቃራኒው ነው። የኋላ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ወደ በረት የሚመለስ ከብትና መንገድ ዳር የተበላሸ የጭነት መኪና በጨለማ ይጠብቁታል። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም ለምልክት የተደረደረው ድንጋይ ወይም ቅጠል መሐል አስፋልት ላይ ተትቶ ይገኛል። ምሳ ከተበላ በኋላ 8 ሰዓት ገደማ መነሣት ከልጁ የቀን እንቅልፍ ጋር ይገጥማል፤ የእሑድ ማታውንም ሰልፍ ይቀድማል። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለሚመለሱ አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጁ ሽንቱ መጣ ብሎ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ መቆም አደገኛ ስለሆነ፣ ወደ ክፍያ ጣቢያው ከመገባቱ በፊት መጸዳጃ ቤት መድረስ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ መቆም ለሚፈልግ ልጅ በዱከምና በገላን የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ይመቻል።

«ወባ የሩቅ ቆላ በሽታ ነው»

በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ቢሾፍቱና አዳማ ግን ዝቅ ይላሉ። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ለቀን ጉዞ ሥጋቱ አነስተኛ ነው፤ ሳይታሰብ የተጀመረ ጉዞ ግን ሳይታሰብ ያሳድራል፣ አጎበርም ማንም አልያዘም። ምልክቱ ከተነከሱ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ልጁ ትኩሳት ቢይዘው ጤና ጣቢያ ወስዶ የትና መቼ እንዳደረ መናገር ይገባል፤ ካልተነገረ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጉንፋንን ነው።