ሌንሱ ተጠግኖ ፎከስ እምቢ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሌንሱ ተፈቶ የተገጠመው የኪስ ካሜራ ይበራል፣ ዙሙም ይወጣል ይገባል፣ ፎቶው ግን አይጠራም። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ካሜራ ለጠጋኝ የሚያመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱንም አብሮ ይዞ ይመጣል።

«የፎከሱ ሞተር ተቃጥሏል»

ሌላ ሞተር ከመፈለጋችሁ በፊት አሠራሩን እዩ። አብዛኛው የኪስ ካሜራ ርቀት አይለካም። የፎከሱን መስታወት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወሰደ፣ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ቺፕ) ላይ ያረፈው ምስል ኮንትራስቱ (የብርሃንና የጥላ ልዩነቱ) ከሁሉ የበለጠበት ቦታ ላይ ያቆመዋል። ሞተሩ ጤነኛ ቢሆንም ያ ቦታ መስታወቱ ከሚደርስበት ውጭ ከሆነ ፍለጋው ከንቱ ነው።

የቱ እንደሆነ ፎቶው ራሱ ይናገራል። እጅ ተንቀጥቅጦ እንዳያሳስታችሁ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በ2 ሰከንድ ታይመር ሁለት ነገር አንሱ፦ በማክሮ (በቅርብ ማንሻው ሁነታ) ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ ከዚያ በሩቁ የጅሬንን ኮረብታ። ባዶ ግድግዳ አታንሱ፤ ደህናው ካሜራም እዚያ ላይ ፎከስ አይዝም።

ጋዜጣው ጠርቶ ጅሬን ከደበዘዘ ሞተሩ እየሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ ሴንሰሩ ከሌንሱ ርቆ ተገጥሟል፤ ከብሎኖቹ ሥር ያሉትን ስስ ማስተካከያ ቀለበቶች ፈትሹ። ከሴንሰሩ ፊት ያለው የኢንፍራሬድ ማጣሪያ (ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚያግደው ብርጭቆ) ተረስቶ ከቀረም ውጤቱ ይኸው ነው፤ እሱ ግን ቀለሙን ወደ ቀይ ስለሚወስደው ቶሎ ይነቃበታል። ጅሬን ጠርቶ ጋዜጣው ከደበዘዘ ተቃራኒውን ጠርጥሩ። የጋዜጣው አንድ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ሴንሰሩ ወይም አንዱ መስታወት ዘሟል፣ አውቶፎከሱን አትውቀሱት። ሁለቱም እኩል ከደበዘዙ ነው ሞተሩ የሚጠረጠረው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ፍላት ኬብሉ (ጠፍጣፋው ሽቦ) ሶኬቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ መግባቱን፣ ተገልብጦ የተገጠመ መስታወት አለመኖሩን፣ የመስታወቱን መነሻ ቦታ የሚያውቀውን ትንሽ የብርሃን ሴንሰርም አቧራ እንዳልጋረደው እዩ።

«አረንጓዴው ሳጥን ከመጣ ፎከሱ ልክ ነው»

ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ሳጥን የሚለው ካሜራው ካገኛቸው ቦታዎች የተሻለውን መረጠ ነው። የተሻለውም ደብዛዛ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን አጉልታችሁ ፍረዱ።

«ብርቱካናማው መብራት ርቀት ይለካል»

ከካሜራው ፊት ያለው ይህ መብራት አይለካም። ጨለማ ሲሆን ሴንሰሩ የሚያየው ነገር እንዲያገኝ ያበራለታል እንጂ።

«የጅማ እርጥበት ነው፣ ሻግቷል»

በዝናባማ ከተማችን ሻጋታ የሌንስ ጠላት መሆኑ እውነት ነው። ግን ከጥገናው በፊት ጠርቶ ያነሳ የነበረ ካሜራ በአንድ ከሰዓት አይሻግትም! ይልቅ ሲገጠም ውስጠኛው መስታወት ላይ የቀረ የጣት አሻራ ኮንትራስቱን ስለሚያወርድ አውቶፎከሱን ያሳስታል፤ በባትሪ መብራት አግድም እያበራችሁ ፈልጉት።

«ሪሴት ያስተካክለዋል»

ሪሴት ሴቲንግ ይመልሳል፤ የዘመመ መስታወት አያቃናም።

«ባትሪው ከወጣ ደግሞ መፍታት አደጋ የለውም»

የፍላሹ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ባትሪው ከወጣ በኋላም ወደ 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጣት ከማስገባታችሁ በፊት በሬዚስተር አራግፉትና በመልቲሜትር ለኩት።