ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አልነበረም

የተወደዳችሁ፣ እስቲ ኤርምያስ 38ን ክፈቱ።

ነቢዩ የተናገረው እውነት ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን እጅ ትወድቃለች። አለቆቹ ግን «ውሸት ነው» ብለው አልተከራከሩትም። ክሳቸው «የወታደሩን እጅ ያደክማል፤ ለሕዝቡ ክፉ ያስባል» የሚል ነው። ነገሩን ትተው ሰውየውን ያዙ። ዛሬም በመሥሪያ ቤቱ ሌብነት ያጋለጠ ሠራተኛ የሚሰማው ይሄንኑ ነው። «ስማችንን አጠፋ»፣ «የላከው አለ»፣ «ድሮም አኩራፊ ነው»። ሰነዱን ግን ማንም አያነሳም።

ለምን? አንዱ ሲናገር፣ እያወቀ ዝም ያለው ሁሉ አብሮ ይጋለጣላ! ለዚህ ነው በቀሉ ከአለቃ ብቻ የማይመጣው። በፈረንጆቹ 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ፈንድታ ሰባት ሰዎች አለቁ። ኢንጂነሩ ሮጀር ቦይስጆሊ የጎማ ማሸጊያው ብርድ እንደማይችል ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ይህን ለመርማሪዎች ከመሰከረ በኋላ የራሱ ባልደረቦች አገለሉት።

ንጉሡ ሴዴቅያስስ? «በእጃችሁ ነው፤ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» አለ። እኔን ከአለቆቹ ይልቅ የሚያናድደኝ እሱ ነው። በኋላ ኤርምያስን በድብቅ አስጠርቶ ምክር ጠየቀው። «ማንም እንዳያውቅ» ብሎም አስጠነቀቀው። እውነቱ አልጠፋውም፤ ሰው ፈርቶ ነው።

ደግሞ አለቆቹ ኤርምያስን በሰይፍ አልገደሉትም። ውሃ በሌለበት ጉድጓድ በገመድ አውርደው ጭቃ ውስጥ ተዉት። ገዳይ የለ፣ ደም የለ። በእኛ ዘመን ወረቀቱ ላይ «ዝውውር» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ስብሰባ የሚጠራው የለም። ሰላምታ እንኳ ይቀንሳል።

ይህ በዓለም ብቻ ነው እንዳንል ዮሐንስ 11 አለ። ካህናቱ ስለ ኢየሱስ «ዝም ብንለው ሮማውያን አገራችንን ይወስዳሉ» ብለው ሰጉ። ሊቀ ካህናቱ ቀያፋም ሕዝቡ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል አለ። ስንቱን ተበዳይ «የእግዚአብሔር ቤት እንዳይሰደብ» እያልን አፉን አስይዘነዋል?

ኤርምያስን ያወጣው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ» አለው። ሠላሳ ሰው ተሰጠው። ወደ ጉድጓዱ ከመሄዱ በፊት ግን ከቤተ መዛግብቱ በታች ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ለቃቀመ። በገመድ አወረደለት። «ከገመዱ በታች በብብትህ ሥር አድርገው» አለው።