የኤሲና የኮልድ ሩም ተቋራጮች መድን በአዲስ አበባ ዳርቻ

አዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ኤሲ ብዙም አይታይም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የኤሲ፣ የኮልድ ሩም (የማቀዝቀዣ ክፍል) እና የአየር ማናፈሻ ተቋራጮች ዋና እንጀራ ያለው ዳር ዳሩን ነው። ቃሊቲና ገላን መጋዘንና ፋብሪካ ሞልቷል። ሰበታና ሱሉልታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች አሉ። ቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካዎች፣ ቂሊንጦ ደግሞ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተዘጋጀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የተቆረጠ ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ማሽኑ አንድ ሌሊት ከቆመ የሚበላሸው የሰው ንብረት ነው። የዚህ ሙያ መድን ክብደትም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መድን የሚሸጡት በብሔራዊ ባንክ ፈቃድና ቁጥጥር ሥር ያሉ ኩባንያዎች ናቸው። በ1968 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሠርቷል። የግል ኩባንያዎች የገቡት በ1986 ከወጣው አዋጅ በኋላ ነው።

ለሥራ መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ስለሚጠይቀው ማንም አይዘነጋውም። ችግሩ ብዙ ትናንሽ ተቋራጮች እዚያው ላይ መቆማቸው ነው። ትልቁ አደጋ ግን ጣሪያ ላይ ነው።

የፋብሪካ ጣሪያ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው። ብርሃን እንዲገባ በየመሃሉ ፕላስቲክ ይደረግበታል። ፕላስቲኩ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል፤ አቧራ ሲሸፍነው ደግሞ ከቆርቆሮው አይለይም። የኤሲውን የውጭ ክፍል ሊያስቀምጥ የወጣ ልጅ አንድ እርምጃ ቢስት ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ ካሳው የ5 ዓመት ደመወዝ ነው። በወር 10,000 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ 600,000 ብር ይመጣል ማለት ነው። አምስት ስድስት ልጅ ይዞ የሚሠራ ድርጅት ይህን ከኪሱ አይችለውም። ስለዚህ መጀመሪያ መገባት ያለበት የሠራተኞች የጉዳት ካሳ መድን ነው ባይ ነኝ። የቀን ሠራተኞችም መመዝገብ አለባቸው። አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) እንዲቀንስ ብሎ ደመወዝ አሳንሶ ማስመዝገብ ጉዳቱ ሲደርስ መድኑ የሚከፍለውን ካሳ ሊያሳንሰው ወይም ሊያስቀረው ይችላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን እንደሚያፈርሰው ይደነግጋል።

ሁለተኛው በሥራው ምክንያት በሌላ ሰው ወይም ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገን ተጠያቂነት መድን ነው። እዚህ ላይ ፖሊሲውን (የመድን ውሉን) መስመር በመስመር ማንበብ ያስፈልጋል። ኮልድ ሩም የሚገጣጠመው መሃሉ ፎም ካለው ፓኔል ነው። የመዳብ ቱቦ ፓኔሉን አልፎ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲበየድ ሙቀቱ ወደ ፎሙ ይሄዳል። ነበልባል ላይታይ ይችላል። ፎሙ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቆይቶ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ከሄዱ በኋላ ሊነድ ይችላል። ጎረቤት መጋዘን ቢቃጠል መድኑ ይከፍል ይሆናል። ብዙ ፖሊሲዎች ግን ተቋራጩ ራሱ እየሠራበት ያለውን ንብረት አይሸፍኑም። የብየዳ ሥራ ያለጠባቂና ያለእሳት ማጥፊያ ከተሠራ አንከፍልም የሚሉም አሉ። ይህን ከመፈረም በፊት ጠይቆ፣ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው።

«ባለአበባው የራሱ መድን አለው፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚል ሐሳብም ይሰማል። ልክ አይደለም። የባለንብረቱ መድን ሰጪ ካሳውን ከከፈለ በኋላ በእሱ ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን መጠየቅ ይችላል።

የዲዛይን ስህተት ደግሞ የሚሸፈነው በሙያ ኃላፊነት መድን ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋንና ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ያህል ሙቀት አያወጡም። ይህን ሳያሰላ ማሽን የመረጠ መሐንዲስ ኮልድ ሩሙ የተባለውን ቅዝቃዜ ላይይዝለት ይችላል። ተራው የተጠያቂነት ፖሊሲ ለዚህ አይደርስለትም።

ቺለር (ለማቀዝቀዣ የሚሆን ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ወይም ሌላ ትልቅ ማሽን ለሚተክል፣ ዕቃው ሳይት ከገባበት ጊዜ ተሞክሮ እስኪረከብ ድረስ የሚሸፍን የተከላ መድን አለ። የመዳብ ቱቦ ለሌባ የሚመች ዕቃ ስለሆነ ስርቆት መካተቱን፣ ጥበቃና የሚቆለፍ መጋዘን መጠየቁን ማየት ይገባል። የሳይቱ አድራሻም በትክክል ይጻፍ። ቃሊቲ ብሎ የተገባ ውል ገላን ለተሠራ ሥራ ላያገለግል ይችላል።

ኢንሹራንሶች የሚሰጡት የመልካም ሥራ አፈጻጸምና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ለሥራው ባለቤት እንጂ ለተቋራጩ ጥበቃ አይደለም። ኩባንያው የከፈለውን መልሶ ከተቋራጩ ይጠይቃል።

ጉዳት ሲደርስ በንግድ ሕጉ መሠረት በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ግድ ነው። የካሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ፎቶ ማንሳት፣ እሳት ወይም ስርቆት ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ መያዝ፣ ገማቹ መጥቶ እስኪያይ የተቃጠለውን ኮምፕረሰር ከቦታው አለማንሳት ያስፈልጋል።