የወንዝ ስሞልማውዝ ባስ እና ብዙ የማይጠልቁ ሉሮች፡ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ የምትኖሩ ከሆነ ፖቶማክና ሸናንዶዋ ቅርባችሁ ናቸው፣ ሁለቱም ደሞ ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው አሳ በደንብ ያለባቸው ወንዞች ናቸው። አዲስ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን አይነት ሉር (አሳ የሚያታልል ሰው ሰራሽ ማጥመጃ) ልግዛ" ነው፣ መልሱም ወዲያው ይጎርፋል፣ ስለ ከለር ስለ ብራንድ ስለ ዋጋ። እኔ ግን ከዛ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው እላለሁ፦ የምታጠምዱበት ቦታ ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል፣ ሉሩስ እዛ ውስጥ ስንት ጫማ ወርዶ ነው የሚሄደው? ሰመር ላይ የላይኛው ፖቶማክ ብዙ ቦታው ከጉልበት እስከ ወገብ ቢደርስ ነው፣ እዛ ላይ 10 ጫማ የሚወርድ ሉር ከወረወራችሁ የምትይዙት ድንጋይ ነው። ሰው ደጋግሞ ሲላቸው የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

"ትልቅ አሳ ያለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው"

ሀይቅ ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ወንዝ ላይ ግን ሰመር ሲመጣ ነገሩ ይቀየራል፣ ምክንያቱም ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ድንጋይ ላይ እየተጋጨ አረፋ እየሰራ የሚወርደው ጥልቀት የሌለው ክፍል ደሞ ኦክስጅን አያጣም፣ በዛ ላይ ስሞልማውዝ የሚወደው ክሬይፊሽ (ሸርጣን የሚመስል ትንሽ የውሃ እንስሳ) እና ትንንሹ አሳ የሚኖረው እዛው ድንጋይ ስር ነው። ስለዚህ ንጋት ላይና ሲመሽ ትልልቆቹ ራሳቸው ጉልበት የማይሞላ ውሃ ላይ ወጥተው ያድናሉ።

ይሄ ማለት ግን ፈጣኑ ውሃ መሀል ቆመው ይውላሉ ማለት አደለም። ከአለቱ ጀርባ ውሃው ረገብ የሚልበት ቦታ አለ፣ ፈጣኑና ዘገምተኛው ውሃ ጎን ለጎን የሚሄዱበት መስመርም አለ፣ አሳው እዛ ቆሞ ምግብ በአጠገቡ ሲያልፍ ወጥቶ ነጥቆ ይመለሳል። ፊቱን የሚያዞረው ውሃው ወደሚመጣበት ነው። አዙሪት ያለበት ቦታ ላይ ደሞ ውሃው ወደ ኋላ ስለሚዞር አሳውም ከወንዙ በተቃራኒ ዞሮ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከመወርወራችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ውሃው ላይ ያለውን አረፋ ወይ ቅጠል ወዴት እንደሚሄድ እዩ።

ዊንተር ላይ ግን ወሬው ሌላ ነው። ውሃው ከ50 ፋራናይት (10 ሴልሺየስ) በታች ሲወርድ ጥልቅና ረጋ ወዳለ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ያኔ እነዚህ ከላይ ከላይ የሚሄዱ ሉሮች ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ።

"ሳጥኑ ላይ 5 ጫማ ከተባለ 5 ጫማ ይወርዳል"

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። የተፃፈው ቁጥር የሆነ አይነት ክርና የሆነ ርዝመት ያለው ውርወራ ታስቦ ነው፣ የናንተ ክርና የናንተ ውርወራ ግን ሌላ ነው። ክሩ በወፈረ ቁጥር ውሃው ይይዘዋል፣ ሉሩም ብዙ አይወርድም። ክሩ ቀጭን ከሆነ ደሞ ያው ሉር ጠልቆ ይሄዳል። አጭር ስትወረውሩ ለመውረድ ቦታ አያገኝም፣ ረጅም ስትወረውሩ ያገኛል። የሮዱን (የማጥመጃ ዘንጉን) ጫፍ ወደ ሰማይ ካነሳችሁ ሉሩ ከፍ ይላል፣ ወደ ውሃው ካወረዳችሁ ይጠልቃል። ስለዚህ በአንድ ሉር ብቻ፣ ምንም ሳትገዙ፣ ጥልቀቱን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ አፉ ስር ያለችውን የፕላስቲክ ምላስ እዩ። ትንሽ ሆና ወደ ታች የታጠፈች ከሆነች ሉሩ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው፣ ረጅም ሆና ከሰውነቱ ጋር ቀጥ ያለች ከሆነች ጠላቂ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ሱቅ ገብታችሁ ሳጥኑን ሳታነቡ እንኳን መለየት ትችላላችሁ። ጫፏ አራት ማዕዘን የሆነውና ስኩዌርቢል የሚሉት ክራንክቤይት (ወፈር ያለ፣ ሲጠቀለል እየተንቀጠቀጠ የሚጠልቅ ሉር) ለድንጋያማ ወንዝ ከምወዳቸው አንዱ ነው፣ ሌላው ላውሪ ራፓላ ፊንላንድ ውስጥ በ1936 እ.ኤ.አ. የጀመረው ከበልሳ እንጨት የሚሰራው ኦሪጅናል ፍሎተር ነው፣ ምላሱ ትንሽ ነው፣ ሲቆም ይንሳፈፋል፣ 7 ወይም 9 ሴንቲ የሚሆነው ለስሞልማውዝ በቂ ነው። ችግሩ ቀላል ስለሆነ ንፋስ ካለ አይወረወርም፣ ቀጭን ክር ያለው ስፒኒንግ ሪል (ቀላል ሉር ለመወርወር የሚመች የክር መጠቅለያ) ይፈልጋል።

የውሃው ፍጥነት ደሞ የራሱ ስራ አለው። ወደ ላይ፣ ማለትም ውሃው ወደሚመጣበት ወርውራችሁ ወደናንተ ስትጠቀልሉ ሉሩ ከውሃው እኩል ከሄደ ምንም አይንቀጠቀጥም፣ እንደ ጭራሮ ዝም ብሎ ይመጣል፣ ስለዚህ ከውሃው ፈጠን ማለት አለባችሁ። ወደ ታች ወርውራችሁ ከሆነ ግን ሪሉን ሳትነኩት እንኳን ውሃው ራሱ ሉሩን ያንቀሳቅሰዋል፣ ያኔ ቀስ ማለት ነው። እኔ በብዛት የምወረውረው ወንዙን ተሻግሮ ትንሽ ወደ ላይ ነው፣ ሉሩ እየተጠማዘዘ በአለቱ ጎን ሲያልፍ ለአሳው ከላይ ተወስዶ የመጣ ምግብ ነው የሚመስለው።

"ሉሩ ድንጋይ እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው"

እንደውም በተቃራኒው። ሉሩ ድንጋይ ገጭቶ ወደ ጎን ሲፈናጠር ነው ብዙ ጊዜ የሚነከሰው። አሳው ሲከተለው ቆይቶ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ሳያስብ ይነክሳል፣ ክሬይፊሽም ሲደነግጥ በጅራቱ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። የሚንሳፈፍ ሉር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፣ ድንጋይ ሲነካ መጠቅለል ካቆማችሁ ራሱ ወደ ላይ ተነስቶ ይለቃል። ሰው ግን ሲደነግጥ የበለጠ ይስባል፣ ሲስብ ደሞ መንጠቆው ስንጥቁ ውስጥ ይቀረቀራል። ልዩነቱ እንዲህ ነው፣ አልፎ አልፎ ጠቅ ጠቅ እያደረገ የሚመጣ ሉር ልክ ነው፣ መሬቱን እያረሰ የሚመጣ ከሆነ ግን ለዛ ቦታ በጣም ጠላቂ ነው፣ ቀይሩት። ድንጋዩ አረንጓዴ ዝቃጭ የለበሰ ከሆነ ደሞ መንካቱ ጥቅም የለውም፣ መንጠቆው ላይ የተጠቀለለ ነገር ያለበትን ሉር ባስ አይነካውም።

"የሚሰምጠውም የሚንሳፈፈውም ያው ነው"

አደለም። ሶስት አይነት አለ፣ ሲቆም የሚንሳፈፍ፣ ሲቆም ባለበት የሚቆም፣ ሲቆም የሚሰምጥ። ስፒነር፣ ማለትም ሲጎተት የሚሽከረከር ብረት ያለው ሉር፣ እነ ሜፕስ የሚባለው ብራንድ የመሳሰሉት፣ የሚሰምጥ ነው፣ አንድ ጫማ ውሃ ላይ ከወረወራችሁት ውሃውን ሳይነካ ሮዱን ከፍ አድርጋችሁ ለመጠቅለል ዝግጁ መሆን አለባችሁ፣ ቀለል ያለውን 3 ግራም ተኩል ገደማ የሆነውን መምረጥም ይረዳል። ስፒነር ክር ስለሚያጠማዝዝ ትንሽ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚዞር ማያያዣ) ያስፈልገዋል፣ ለተንሳፋፊ ትንንሽ ሉር ግን ስዊቭል አታድርጉ፣ ክብደቱ አፍንጫውን ይጎትተውና እንቅስቃሴውን ይገድለዋል። ባለበት የሚቆመው ጀርክቤይት (በሳብ ሳብ የሚንቀሳቀስ ቀጭን ሉር) ስፕሪንግ መጀመሪያ ላይ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሲሆን የሚገርም ነው፣ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ዝም ማለት፣ ትዕግስት ካላችሁ ከዛም በላይ ዝም ማለት።

"ዋናው ከለሩ ነው"

ከለር ሶስተኛ ነው። መጀመሪያ ጥልቀት፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ ከዛ ከለር። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ቡኒ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ብርማ፤ ዝናብ ዘንቦ ከደፈረሰ ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ወይም ድፍን ጥቁር። በደፈረሰ ውሃ የሚንኳኳ ኳስ ያለበት ሉር ይረዳል፣ በጠራና በጎደለ ውሃ ግን ያው ድምፅ አሳውን ሊያስደነግጠው ይችላል። ስለ ከለር ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

"ቶፕዋተር ንጋት ላይ ብቻ ነው የሚሰራው"

ቶፕዋተር ማለት ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ የሚሄድ ሉር ነው። ንጋት ጥሩ ሰአት ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ደመናማ ቀን ቀኑን ሙሉ ይሰራል፣ ሰመር ላይ ፀሀይ እያለም ዛፍ ጥላ የጣለበት ዳር ዳር ወይም ውሃው ከላይ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ላይ ይሰራል። ሲሳብ ውሃውን ፖፕ የሚያደርገው ፖፐር፣ ከኋላው ፕሮፔለር ያለው፣ ዝዝዝ የሚል ድምፅ የሚያወጣው በዝቤይት፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው፣ ረጋ ያለ ውሃ ላይ ፖፐር በቂ ነው፣ የሚንቀጠቀጥ ውሃ ላይ ግን ድምፁ ስለሚዋጥ ጮክ የሚል ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ስለሚሰምጥ የሉሩን አፍንጫ ወደ ታች ይስባል፣ ለቶፕዋተር ሞኖ (ተራው የናይለን ክር) ወይም ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) ይሻላል። ሁለተኛ ውሃው ፈንዳ ሲል ወዲያው አትሳቡ!! አሳው ገና አልያዘውም፣ ክብደቱ እጃችሁ ላይ ሲሰማችሁ ነው የሚሳበው። ይሄ በጣም ይከብዳል ምክንያቱም እጅ ራሱ ቀድሞ ይስባል።

"ስሞልማውዝ ድሮም የፖቶማክ አሳ ነው"

እሱም እንደኛ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ከኦሃዮ ወንዝ በኩል በባቡር፣ ሎኮሞቲቩ የሚጎትተው የውሃ ታንከር ውስጥ ተደርጎ ወደ ከምበርላንድ ሜሪላንድ መጥቶ ነው የተለቀቀው፣ ከዛ ተራብቶ ወንዙን ሞላው። ድንጋያማና ቀዝቀዝ ያለ ፈጣን ውሃ ስለሚወድ ተመቸው። ዲሲ ጫፍ ላይ ካለው ሊትል ፎልስ በታች የባህሩ ሞገድ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ስለሚጀምር እዛ በብዛት የምታገኙት ሌላውን የባስ አይነት፣ ላርጅማውዝን ነው፣ መንጋጋው ከአይኑ ኋላ አልፎ ከሄደ ላርጅማውዝ፣ ካላለፈ ስሞልማውዝ።

"ባለ ሶስት ጫፍ መንጠቆ ካልሆነ ያመልጣል"

ሁለት ባለ ሶስት ጫፍ መንጠቆ ማለት ስድስት ሹል ነገር ማለት ነው፣ አንዱ አሳው አፍ ውስጥ ሌላው አይኑ አጠገብ ወይም እጃችሁ ላይ። ብዙዎቻችን ይዘን የምንለቅ ስለሆነ የመንጠቆውን ተቃራኒ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ክሩን ላላ እስካላደረጋችሁት ድረስ አያመልጥም። በነጠላ መንጠቆ መቀየርም ይቻላል፣ ግን ክብደቱ ከበፊቱ ጋር የተቀራረበ ይሁን፣ ከከበደ የሚንሳፈፈው ሉር መንሳፈፉን ያቆማል። ትል ይሻላል የሚሉም አሉ፣ ትል ይይዛል፣ ግን አሳው ወደ ውስጥ ስለሚውጠው ስትለቁት የመሞት እድሉ ይጨምራል፣ ሉር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩን ነው የሚይዘው። የወንዝ ስሞልማውዝ 12 ኢንች ለመድረስ አመታት ይፈጅበታል፣ ቶሎ የሚተካ አሳ አደለም። ስፕሪንግ ላይ ውሃው 60 ፋራናይት ገደማ ሲደርስ ወንዱ ጎጆውን ሲጠብቅ ታዩታላችሁ፣ ጠጠሩ ላይ የተጠረገ ክብ ቦታ ነው፣ እባካችሁ እሱን እለፉት፣ እሱን ካነሳችሁት እንቁላሉን ሌላ አሳ ይበላዋል።

"ሳጥን ሙሉ ሉር ያስፈልጋል"

አንድ ተንሳፋፊ ሚኖው (እንደ ራፓላው ትንሽ አሳ የሚመስል)፣ አንድ ስኩዌርቢል፣ አንድ ፖፐር፣ አንድ ስፒነር። በቃ። ከነዚህ ጋር ጥሩ ፒንሳና ፖላራይዝድ መነፅር ይኑራችሁ፣ መነፅሩ ድንጋዩን ያሳያችኋል፣ ከድንጋይ ተነቅሎ ከሚስፈነጠር ሉርም አይናችሁን ያድናል።

"ውሃው ጥልቀት የለውም ስለዚህ አደጋ የለውም"

ይሄኛውን እባካችሁ ለጓደኞቻችሁም ንገሩ። ፖቶማክ ከላይ ሲታይ የተረጋጋ ይመስላል፣ ከስር ግን ይጎትታል፣ ግሬት ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ አካባቢ ሰው በተደጋጋሚ ሞቷል፣ እዛ ያለው ፓርክ ውስጥ ወንዙ ውስጥ መዋኘትም በእግር መግባትም ክልክል ነው። ሌላ ቦታ ስትገቡ ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ ሁለት ድንጋይ መሀል እግር ከተቀረቀረ ወገብ የማይሞላ ፈጣን ውሃ ሰውን ገፍቶ ይጥላል፣ ከወደቃችሁም ፈጣን ውሃ ላይ ለመቆም አትታገሉ፣ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ታችኛው ወንዝ አድርጋችሁ ወደ ዳር ውጡ። ሜሪላንድ ውስጥ ሶሉ ፌልት (እንደ ወፍራም ጨርቅ ያለ) የሆነ የወንዝ ጫማ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፣ ከወንዝ ወደ ወንዝ አልጌ ስለሚያዛምት፣ ስለዚህ የጎማ ሶል ያለውን ግዙ። ላይሰንስ ደሞ 16 አመት ከሞላው ሰው ጀምሮ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ያስፈልጋል። ከቤት ሳትወጡ የዩኤስጂኤስን (ወንዞችን የሚለካው የአሜሪካ መንግስት መስሪያ ቤት) የፖይንት ኦፍ ሮክስ እና የሊትል ፎልስ መለኪያዎች የውሃ ከፍታ ኦንላይን እዩት፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ እናንተ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ የዛን ቀን ከዳር ሆናችሁ ወርውሩ።