ድሮ የአርኬድ፣ ዛሬ የቤት፦ የቡድን ፋንታሲ ጌሞች በኢሙሌተር

ጦረኛ፣ ጠንቋይና ኤልፍ የሚባለው የተረት ፍጡር አብረው ጭራቅ የሚገጥሙባቸው የአርኬድ ጌሞች፣ ማለትም ሳንቲም እየተከተተ በትልልቅ ማሽን የሚጫወቷቸው፣ ለብቻ እንዲጫወቷቸው የተሠሩ አይደሉም። አንድ ስክሪን ፊት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰው ተሰልፎ ይጫወታቸው ነበር። ዛሬ ማሽኖቹን ማግኘት ከባድ ነው። ጌሞቹን በቤት ኮምፒውተር የሚያስነሳው ኢሙሌተር የሚባል ሶፍትዌር ሲሆን የድሮዎቹን ቺፖች ሥራ እሱ ይሠራል። የሚሮጠው ፕሮግራም ግን ያው የጥንቱ ነው።

ፈር ቀዳጁ አታሪ ጌምስ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጎንትሌት ነው። የነደፈው ኤድ ሎግ ነው። ጦረኛው ቶር፣ ቫልኪሪ የምትባለው ሴት ተዋጊ ታይራ፣ ጠንቋዩ መርሊንና ኤልፉ ኩዌስተር በአንድ ዋሻ ውስጥ ይዋጋሉ። ማንም ባይነካህ እንኳ ጤናህ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። መድኃኒቱ ምግብ ነው፤ አለዚያ ሌላ ሳንቲም። ምግቡ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ማን ይብላ በሚለው መጨቃጨቅ፣ ጓደኛ በስህተት ተኩሶ ምግቡን ሲያጠፋው መጮህ፣ የጌሙ ትልቁ ደስታ እሱ ነው።

በ1989 የሴጋ ጎልደን አክስ መጣ፤ ለሁለት ሰው። በ1991 ካፕኮም ናይትስ ኦፍ ዘ ራውንድን እና ዘ ኪንግ ኦፍ ድራገንስን ለሦስት ሰው አወጣ። ለእኔ የዘርፉ ቁንጮ ግን በ1996 የወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፦ ሻዶው ኦቨር ሚስታራ ነው። አራት ሰው ይጫወተዋል፣ መንገዱ ይከፋፈላል፣ አንዱ ሲያክም ሌላው ቁልፍ ይከፍታል።

ይህ ጌም የሚሠራበት ሲፒኤስ-2 የሚባለው ቦርድ (በማሽኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ፕሮግራሙን በምስጢር ቆልፎ ነው የሚይዘው። መክፈቻውን በሕይወት የሚያቆየው አንዲት ባትሪ ናት። ባትሪዋ ካለቀች ቦርዱ ይሞታል። ስለዚህ ምስጢሩን መፍታት ጌሞቹን ከመጥፋት ማዳን ነበር። ሥራው ዓመታት ወሰደ። የምስጢሩ አሠራር ሙሉ በሙሉ የታወቀው በ2007 ነው፤ የፈቱት አንድሪያስ ናይቭና ኒኮላ ሳልሞሪያ ናቸው። ሳልሞሪያ በ1997 ሜይም የተባለውን ዋናውን የአርኬድ ኢሙሌተር የጀመረ ሰው ነው። ባለውለታችን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኢሙሌተሩ ነፃ ነው። የጌሙ ፋይል፣ ማለትም ሮሙ፣ ግን የቅጂ መብት አለው። የሜይም ድረ ገጽ በባለመብቶች ፈቃድ የሚወርዱ ጥቂት ጌሞች ቢኖሩትም እነዚህ የጠቀስኳቸው እዚያ የሉም። ሌላው ጣጣ ስሪት ነው፤ ሮሙ ከኢሙሌተሩ ስሪት ጋር ካልተስማማ ጌሙ አይነሳም። የዚፕ ፋይሉም ሳይከፈት እንዳለ ይቀመጣል።

አራት ሰው በአንድ ኪቦርድ መጫወት አይሞከርም። ብዙ ኪቦርዶች አብረው የተጫኑ በርካታ ቁልፎችን አያነቡም፤ ወሳኙ ምት ላይ ጀግናህ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዩኤስቢ ኮንትሮለር ለየሰው ቢኖር ይሻላል። የአንዳንድ ጌሞች ቅጂዎች ለሁለት ሰው ብቻ የተዘጋጁ ስለሆኑ መጀመሪያ ቅጂውን ማጣራት ይበጃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሳንቲሙ ነው። ሜይም ላይ 5 ቁጥርን መጫን ለመጀመሪያው ተጫዋች ሳንቲም እንደመክተት ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ 6 ነው። ወሰን የለውም። ሞት ዋጋ ሲያጣ ማንም ማንን አይጠብቅም፣ ምግብም መለመን ይቀራል። ሳይጀመር ለየሰው የተወሰነ ሳንቲም መድቦ፣ ያለቀበት ከጓደኛው ድርሻ እንዲጠይቅ ማድረግ ጌሙን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ጓደኛ ሩቅ ከሆነ በኢንተርኔትም መጫወት ይቻላል። ቶኒ ካነን የሠራው ጂጂፒኦ የሚባለው ዘዴ የሌላውን ተጫዋች ቀጣይ እንቅስቃሴ ገምቶ ጌሙን ያስኬዳል። ግምቱ ከተሳሳተ ጥቂት ፍሬም (በስክሪኑ ላይ በተከታታይ ከሚታዩት ምስሎች ጥቂቱን) ወደኋላ ተመልሶ ያርማል። መስመሩ ደህና ከሆነ እርማቱ ብዙም አይታይም።