ኤቨረስት ላይ ሰው ላላችሁ፦ ቆማ የቀረችው ነጥብ

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ከቆመች አራት ሰዓት ሆናት፤ ወድቆ ይሆን?» ቤተሰብ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው በዚህች ነጥብ ነው። እባካችሁ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት የመጨረሻው ነጥብ የተላከበትን ሰዓት ተመልከቱ።

ወጪው የያዘው ትንሽ መሣሪያ፣ ትራከሩ፣ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ለክቶ በሳተላይት ይልካል፤ እናንተ ካርታ ላይ በነጥብ ታዩታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ በየ10 ደቂቃው። አዳዲስ ነጥቦች እዚያው ቦታ ላይ እየተደራረቡ ከመጡ መሣሪያው ይሠራል፣ ሰውየው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ድንኳን ውስጥ ነው፣ አርፏል፣ ወይም ገመድ ላይ ተራ ይጠብቃል። አዲስ ነጥብ ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ መላክ ያቆመው መሣሪያው ነው። ካርታው የጠፋ ትራከርንና የቆመ ሰውን አይለይም፤ የመጨረሻዋን ነጥብ እንዳለች ያስቀምጣታል።

መሣሪያው ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ካምፕ ሲደርሱ ያጠፉታል። ቦርሳ ሥር ከተቀበረ ሰማይ ስለማያይ ከሳተላይት ጋር አይገናኝም። በካምፕ 1 እና በካምፕ 2 መካከል (ካምፖቹ ከታች ወደ ላይ ይቆጠራሉ) ያለው ሸለቆ ደግሞ በኤቨረስትና በጎረቤት ተራሮቹ በሎፄና በኑፕሴ ግድግዳ የታጠረ ስለሆነ ክፍት ሰማዩ ጠባብ ነው። ከጫፉ በፊት ካለው የመጨረሻ ካምፕ፣ ከካምፕ 4 በላይማ መሣሪያው ቢሠራም ነጥቧ የምትንፏቀቅ ትመስላለች፤ ከ7,900 ሜትር ገደማ እስከ ጫፉ 8,849 ያለው መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ይወስዳል። የጂፒኤስ ስህተት ሲጨመርበት ወደ ኋላ የተመለሰ ወይም ገደል ላይ የቆመ ሊመስል ይችላል።

ቤተሰብ የሚላቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። «ወደ ቤዝ ካምፕ (ተራራው ሥር ወዳለው ዋና ካምፕ) ወረደ፤ አቃተው ማለት ነው።» የለም። ሰውነት አነስተኛ ኦክስጅን እንዲለምድ ወጥቶ መውረድ የእቅዱ አካል ነው።

«ጫፍ ከደረሰ አለቀ።» ከ8,000 ሜትር በላይ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት ሲወርዱ ነው። ካምፕ 2 እስኪደርስ የደስታ መልእክት ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

«ሄሊኮፕተር ይላክለት።» እንደ ልምዱ ሄሊኮፕተር ሰው የሚያነሳው እስከ ካምፕ 2፣ 6,400 ሜትር አካባቢ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዲዲየ ዴልሳል ጫፉ ላይ ማረፉ እውነት ነው፤ ግን ክብደቱ በተቀነሰ ሄሊኮፕተር የተደረገ የሙከራ በረራ ነበር።

ሰዓቱንም አስተካክሉ፤ ኔፓል ከኢትዮጵያ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች። እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከካምፕ 4 ሲነሱ አዲስ አበባ ከምሽቱ 12፡15፣ ዋሽንግተን ደግሞ ከረፋዱ 5፡15 ነው።

ከመሄዱ በፊት ተነጋገሩ። ነጥብ በየስንት ደቂቃው ይላካል? ካምፕ ሲደርስ ያጠፋዋል? ስንት ሰዓት ዝም ካለ ነው የሚደወለው? ካትማንዱ ላለው አስጎብኚ ድርጅት የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የተራራ ወጪው ፓስፖርት ቅጂና የመድን ውል ቁጥር በደዋዩ እጅ ይኑሩ። በአማርኛ ፊደል የላካችሁት መልእክት መሣሪያው ላይ መነበቡን ቤት እያለ ሞክሩት።

ተራራው ላይ በሌላ ሰው አደጋ ሲደርስም አንዳንድ ቡድኖች የሟች ቤተሰብ እስኪነገረው ሁሉም መልእክት እንዳይልክ ይጠይቃሉ፤ የእናንተ ሰው ዝምታ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ላይ ያለውን የአደጋ ቁልፍ ከተጫነ ጥሪው የሚሄደው ለነፍስ አድን ማእከል እንጂ ለእናንተ አይደለም። ማእከሉ ወደተመዘገበው የቤተሰብ ስልክ ይደውላል፤ ስለዚህ እነዚያን ሳምንታት የማታውቁት የውጭ ቁጥር ሲደወል፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አንሱ።