ልቡ አዘዞ የሄደ ጸሐፊ፦ ስለ ቀን ሕልም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት። ምሳው ገና አልወረደም። ከፊቴ የፋይል ክምር፣ ከመስኮቱ ማዶ የፋሲል ግንብ። አንድ አውሮፕላን አዘዞ ሊያርፍ ዝቅ ሲል ድምፁን እሰማለሁ። በቃ፣ ሄድኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ናት፣ ቀበቶ አስረናል፣ ከታች ጣና ያብረቀርቃል።

አንድ ቀን እንዲህ እየበረርኩ ደብዳቤ ስጽፍ «ጉዳዩ፦ የበር ግዢን ይመለከታል» ማለት ሲገባኝ «የበረራ ግዢን» ብዬው አረፍኩ። ኃላፊዬ ሊፈርም ያነሳው እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። «ወንድሜ፣ አውሮፕላን ልንገዛ ነው እንዴ?» ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ፓይለቱ» ነው። ስለ ነገሩ ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው።

«በሐሳብ የሚነጉድ ሰው ሰነፍ ነው»

እንደዚያ ከሆነ ከሰነፍነት የሚተርፍ የለም። ማቲው ኪሊንግስዎርዝ እና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 2,250 ሰዎችን በየመሃሉ በስልክ እያቋረጡ ምን እየሠሩ እንደሆነና ልባቸው የት እንዳለ ጠየቋቸው። 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ግማሽ ቀን በሉት። «ፓይለቱ» የሚሉኝም ይበራሉ ማለት ነው፤ እነሱ ደብዳቤ ላይ አልጻፉትም እንጂ።

«ያኔ ጭንቅላት ያርፋል»

አያርፍም። የአንጎል ተመራማሪው ማርከስ ሬይክል እና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሥራ ስንፈታ ይበልጥ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች አሉ። ትናንትን የምናስታውሰውም ነገን የምናልመውም በእነሱ ነው። ጋብ የሚሉት ሥራ ላይ ስናተኩር ነው።

«አውሮፕላን ውስጥ አየር ያጥራል»

ይህ እንኳ ስለ ቀን ሕልም ሳይሆን፣ አብረን መብረርን ስንመኝ ባለቤቴ የምታነሳው ስጋት ነው። የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። «እንግዲያው ሰማይ ላይ ነው የምንኖረው በለኛ» አለችኝ።

«ጣፋጭ ነገር እያሰብክ ከሆነ ደስ ይልሃል»

ይህን ሳነብ ቅር አለኝ። እዚያው የሃርቫርዱ ጥናት ላይ፣ ደስ የሚል ነገር ያስቡ የነበሩት ሰዎች ልባቸውን የያዙት ሥራ ላይ ካደረጉት የበለጠ ደስተኛ አልነበሩም። ጣና ላይ የምበረው እኔ፣ ፋይል ደርዳሪውን ጓደኛዬን በደስታ አልበልጠውም ማለት ነው? ቁጥሩ እንደዚያ ይላል። እኔ ግን የእሱን ፊት አይቻለሁ።

«ደጋግመህ ካለምከው ይሆናል»

ዋናው ስህተት ይሄ ይመስለኛል፤ ይህንኑ የሚሸጡልን ንግግሮችም ብዙ ናቸው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብርኤሌ ኦቲንገን ዓመታት የፈጀ ሥራዋ ተቃራኒውን ያሳያል። ምኞትን እንደተሳካ አድርጎ ብቻ ማጣጣም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውዬው የደረሰ ይመስለዋላ! የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ይህንኑ ነው። እሷ የምትለው ምኞቱን አስብ፣ ወዲያው ደግሞ ከውስጥህ የሚይዝህን እንቅፋት አስብ ነው።

ማታ ቡና ላይ ከባለቤቴ ጋር ሞከርነው። ብር ነው የያዘን ስንል ከርመን ነበር። ለካ ዕቁብ በደረሰን ቁጥር ዓይናችን ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ካቻምና ፍሪጅ፣ አምና ሶፋ። ዘንድሮ ሲደርሰን ብሩ ቤት ሳያድር ትኬት እንዲቆረጥበት ተስማማን።

ዕጣው ገና አልወጣልንም። በመስኮቱ በኩል ማን ይቀመጥ በሚለው ግን ከወዲሁ ተኳርፈናል።